ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



በአገራችን ሰው ሲሞት ኀዘንተኛው ብቻውን አይተውም። የዕድሩ ጡሩምባ በማለዳ ይነፋል፤ ድንኳኑ ይተከላል፤ አግዳሚውና ወንበሩ፣ ድስቱና ብርጭቆው ከዕድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል፤ ጎረቤት ንፍሮውን ይቀቅላል፤ የመሥሪያ ቤት ጓደኛ የቀብሩን ጉዳይ ያስፈጽማል፤ የሩቅ ዘመድም ሌሊቱን ተጉዞ ይደርሳል። በክርስቲያኑ ወገን ሠልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁና ሙት ዓመቱ እየተቈጠረ ይታሰባል፤ በሙስሊሙም ወገን የለቅሶው ሦስት ቀን በጸሎትና በማጽናናት ይፈጸማል። ይህ ሁሉ አባቶቻችንና እናቶቻችን ያቆዩልን ታላቅ ሀብት ስለ ሆነ ልናከብረውና ልንጠብቀው ይገባናል።

ነገር ግን ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ስለ ድንኳኑ አይደለም፤ ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ስለሚመጣው ረጅም ጊዜ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት የሚያገለግል አንድ ባልደረባዬ ሚስቱ ሞተችበት። እኔም እንደ ሌላው ሰው ለቅሶ ደረስሁ፤ ቀብር ሸኘሁ፤ ከሚያዋጡት ጋር አዋጣሁ፤ በሠልስቱም ከድንኳኑ ሥር ተቀምጬ አመሸሁ። ፈቃዱን ጨርሶ ወደ ሥራው በተመለሰ ጊዜ «እግዚአብሔር ያጥናህ» ብዬ እጁን ጨበጥሁት። ከዚያ በኋላ ግን አምስት ወር ያህል «እንዴት አደርህ» ከማለት በቀር ስለ ኑሮው አንድም ቀን አልጠየቅሁትም። በየቀኑ አየው ነበር፤ ጥቁር ልብሱን ለብሶ በመዝገቡ ላይ ያቀረቅራል፤ ምሳውን ይተዋል፤ ማታም ሠራተኛው ሁሉ ከወጣ በኋላ ከወንበሩ አይነሣም። ሥራ የሚወድ ሰው ነው እያልን እናደንቀው ነበር እንጂ ባዶ ቤት መግባት የሚፈራ ሰው መሆኑን አላስተዋልንም። ለቅሶ ስለ ደረስሁ ዕዳዬን የከፈልሁ መስሎኝ ነበር። ይህን ጥፋቴን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከእናንተም ውስጥ ብዙዎቻችሁ ከአጠገባችሁ ባለው ጠረጴዛ እንደዚህ ያለ ሰው ሊኖር ይችላል ብዬ ስለማምን ነው።

ኀዘን በልብ ብቻ የሚያድር ነገር መስሎ ይታየናል። ነገር ግን በሰውነትም ያድራል፤ እንቅልፍ ይነሣል፤ እህል ያስጠላል፤ ትከሻን ያጎብጣል፤ እግርን ያከብዳል። ይህም አባባል የምሳሌ ብቻ አይደለም። በመጋቢት ወር 1961 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር እናገራለሁ) ኮሊን መሪ ፓርክስ የተባለው እንግሊዛዊ የአእምሮ ሐኪም ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር አንድ ጥናት በሕክምና መጽሔት አሳተመ። ጥናቱ የተደረገው ሚስቶቻቸው በሞቱባቸው፣ ዕድሜያቸው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ በ4,486 ወንዶች ላይ ነበር። ከእነዚህም ሰዎች 213ቱ ሚስቶቻቸው በሞቱ በስድስት ወር ውስጥ ተከትለው ሞቱ። ይህ ቁጥር በዚያው ዕድሜ ካሉ ባለትዳሮች ከሚጠበቀው በ40 በመቶ የበለጠ ነበር፤ ከገዳዮቹም ምክንያቶች ቀዳሚው የልብ በሽታ ሆኖ ተገኘ። ከስድስት ወር በኋላ ግን አደጋው እየቀነሰ ሄዶ ወደ ተለመደው መጠን ተመለሰ።

እንግዲህ አስተውሉ። ከባዱ ጊዜ ከቀብሩ ቀን እስከ መንፈቁ ያለው ጊዜ ነው። የእኛ ድንኳን ደግሞ የሚነቀለው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ጎረቤትና ዘመድ ወደየቤቱ ሲመለስ፣ የኀዘንተኛው አካል ግን ገና በጭንቁ መካከል ይገኛል።

ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ በዚህ ላይ ሌላ ሸክም ይጨመርብናል፤ እርሱም ወንበራችን ነው። በኅዳር ወር 1946 ዓ.ም. ጄሬሚ ሞሪስ የተባለው ሐኪም በሎንዶን ከተማ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ የሚሠሩትን ሾፌሮችና ቲኬት ቈራጮች አስተያይቶ የጻፈውን ለዓለም አሳወቀ። ሾፌሩና ቲኬት ቈራጩ በአንድ አውቶቡስ፣ በአንድ ከተማ አየር ውስጥ ውለው ይገባሉ። ልዩነታቸው ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሲውል፣ ቲኬት ቈራጩ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች በቀን ብዙ መቶ ደረጃ መውጣትና መውረዱ ነበር። የልብ በሽታ በቲኬት ቈራጮቹ ላይ ያነሰና ቀለል ያለ ሆኖ ተገኘ። እንደዚሁም በእግራቸው እየዞሩ ደብዳቤ የሚያድሉት ፖስተኞች፣ በቢሮ ተቀምጠው ከሚጽፉት ጸሐፊዎች ይልቅ ደኅና ሆነው ተገኙ። አንባቢዎቼ ሆይ፣ እኛ ከየትኛው ወገን እንደ ሆንን መናገር አያስፈልገኝም። ሲደላንም ሲከፋንም ወንበራችን ላይ ነን።

የቀድሞው ዘመን ኀዘንተኛ ግን እንዲህ አልነበረም። በገጠር ለቅሶ ሲወጣ ሕዝቡ በሜዳ ይሰበሰባል፤ አልቃሿ ሙሾዋን ታወርዳለች፤ የቆመው ሰው በአንድነት ይቀበላል፤ በአንድ ምት ደረቱን ይደቃል፤ እየዞረ ይራመዳል። ባለ ማዕርግ ሰው የሞተ እንደ ሆነም ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻና ጦሩ ተይዞ በሕዝቡ መካከል ይዞራል። ፊት መንጨትን የመሰለው ሰውነትን የሚጎዳ ልማድ መቅረቱ መልካም ነው፤ ያንንም መልሱ አልልም። ነገር ግን በዚያ ሥርዐት ውስጥ አንድ ጥበብ ነበረ፤ ይኸውም ኀዘኑ በአካል እንዲወጣና ከሌሎች አካል ጋር በአንድ እርምጃ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ከለቅሶው በኋላም ገበሬው ወደ ሞፈርና ቀንበሩ ይመለሳል፤ ባሏ የሞተባትም ሴት እርሻዋ ጾም እንዳያድር ጎረቤቱ በደቦ ያርስላታል። ገበሬው እያዘነ ይራመዳል፤ እየተራመደም ከሰው ጋር ይውላል። በከተማ ግን ለቅሶው በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጦ ማምሸት ሆነ፤ ከለቅሶውም በኋላ የሚጠብቀን ሌላ ወንበር ነው።

ኀዘንተኛን ስንሰናበት የምንለውን ቃል መመርመር ይገባል። «ያጥናህ» እንላለን፤ «ያጽናሽ» እንላለን። ትርጉሙ ያበርታህ፣ እንዳትወድቂ አድርጎ ያቁምሽ ማለት ነው። እንባህን ያድርቅልህ ወይም የሞተብህን ያስረሳህ ማለት አይደለም። መጽናናት ከመጽናት የተወለደ ቃል ነው። እንግዲህ ምርቃታችን ራሱ ኀዘንተኛው ብርታትን እንዲያገኝ የሚለምን ከሆነ፣ ሰውነትን ማበርታት ከኀዘን ሥርዐት ውጭ የሆነ ጨዋታ ነው ለማለት አይቻልም።

በሰውነት ማጠንከሪያ የሚገኘውን ጥቅም ዛሬ ሳይንስም መስክሮለታል። በጥቅምት ወር 1992 ዓ.ም. በአሜሪካ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ብሉመንታልና ባልደረቦቹ፣ በድብርት በሽታ የተያዙና ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት ያላነሰ 156 ሰዎችን በሦስት ከፍለው ያደረጉትን ምርመራ አወጡ። አንደኛው ክፍል የድብርት መድኃኒት ይወስዳል፤ ሁለተኛው በሳምንት ሦስት ቀን በአሠልጣኝ እየተመራ ከሌሎች ጋር ሰውነቱን ያንቀሳቅሳል፤ ሦስተኛው ሁለቱንም ያደርጋል። መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈጠን ብሎ ቢታይም፣ ከ16 ሳምንት በኋላ የሦስቱም ክፍሎች መሻሻል ተቀራራቢ ሆነ። ኀዘንና ድብርት አንድ አይደሉም፤ ኀዘን በሽታ ሳይሆን የፍቅር ዋጋ ነው። ይሁን እንጂ ኀዘን ሲቈይና ሰው ብቻውን ሲሆን ወደ ድብርት ሊያመራ ስለሚችል ይህ ምርመራ ለኀዘንተኛም የሚጠቅም ምክር ይሰጣል።

በኅብረት መሥራት ለብቻ ከመሥራት እንደሚለይ ደግሞ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ አንድ ትንሽ ምርመራ ያሳያል። በ2002 ዓ.ም. መጀመሪያ በታተመው በዚህ ምርመራ፣ 12 የታንኳ ቀዛፊዎች በአዳራሽ ውስጥ በመቅዘፊያ መሣሪያ አንድ ጊዜ ለየብቻቸው፣ አንድ ጊዜ በኅብረት በአንድ ምት እንዲቀዝፉ ተደረገ። ድካሙ አንድ ዐይነት ሆኖ ሳለ፣ በኅብረት ከቀዘፉ በኋላ ሕመምን የመቻል ኃይላቸው ለየብቻ ከቀዘፉበት ጊዜ ይልቅ ከፍ ብሎ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ይህን የሰጡት ሰውነት ራሱ ለሚያመነጨው ሕመምን ለሚያስታግስ ቅመም ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ምን ያህል የጠለቀ እንደ ሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ለዚህ ሁሉ ከማንም በላይ ምስክር የሚሆነን የራሳችን ሰው ነው። ሻምበል አበበ ቢቂላ በጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ከተማ ባዶ እግሩን ሮጦ የማራቶንን ውድድር እንዳሸነፈ፣ በጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ድሉን እንደ ደገመ የማያውቅ የለም። የሮሙ ድል በተገኘ በስምንተኛው ቀን ግን በዚያችው ከተማ ሌላ ውድድር መከፈቱን ብዙዎቻችን አናውቅም። ይህም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ እስፖርተኞች የተካፈሉበት፣ ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ እየተባለ የሚጠራው ውድድር ነው።

የውድድሩ አባት ሉድቪግ ጉትማን ይባላል። በጀርመን አገር የተወለደ አይሁዳዊ ሐኪም ሲሆን ከናዚዎች ስደት አምልጦ በ1931 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ገባ፤ በ1936 ዓ.ም. ደግሞ በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የአከርካሪ አጥንታቸው ለተሰበረ ሰዎች የሚሆን ክፍል አቋቋመ። በዚያን ዘመን እንዲህ ያለው ሕመምተኛ አልጋ ላይ ተኝቶ ሞቱን ከመጠበቅ በቀር ተስፋ አልነበረውም። ጉትማን ግን ከአልጋ አስነሥቶ ኳስ አስያዛቸው፤ ቀስት አስያዛቸው። የሎንዶን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት በሐምሌ 22 ቀን 1940 ዓ.ም. 16 የቀድሞ ወታደሮች በሆስፒታሉ ሜዳ በቀስት ዒላማ ተወዳደሩ። የፓራሊምፒክ መጀመሪያ ይህች ትንሽ ስብሰባ ናት።

በመጋቢት ወር 1961 ዓ.ም. አበበ ይነዳት የነበረች ኦቶሞቢል ተገልብጣ አከርካሪው ተጎዳ። ለሕክምና የተላከውም ወደዚያው ወደ ስቶክ ማንደቪል ነበር። ክንዶቹ እያደር ኃይል አገኙ፤ ዓለምን ያስደነቁት እግሮቹ ግን ዳግመኛ አልተራመዱም። እንዲህ ካለው ኪሳራ የሚበልጥ ኀዘን በአንድ ሯጭ ላይ ሊመጣ ይችላልን? እርሱ ግን በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል ጨዋታ በተሽከርካሪ ወንበሩ ተቀምጦ፣ እንደ እርሱ ከተጎዱ ሰዎች ጋር ተሰልፎ ቀስት ሳበ። በተከታዩም ዓመት ወደ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በሚጎተት ተንሸራታች ውድድር ተካፈለ። በጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. እስካረፈበት ቀን ድረስ በሰው መካከል ቦታ ነበረው።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እንማራለን። የአበበ እግሮች አልተመለሱም፤ የሞተብንም ሰው አይመለስም። የተመለሰለት በሰልፉ ውስጥ ያለው ቦታው ነው። ኀዘንተኛው ከሞተበት ሰው ጋር ስፍራውንም ያጣል፤ ባል መሆኑን፣ ልጅ መሆኑን፣ እናት መሆኗን የሚያስታውሰው ሰው ይሄድበታል። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ምክር ብቻ አይደለም። «ዛሬ ቀረህ፤ ምን ሆነህ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል።

ይህንኑ የሚያስረዳ ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ፖል ሲንተን ሂዊት የተባለ በሎንዶን የሚኖር ሯጭ በ1997 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ እግሩ ተጎድቶ መሮጥ አልቻለም ነበር፤ ሥራውንም አጥቶ በከባድ የመንፈስ ጭንቀት ላይ ይገኝ ነበር። ከሯጭ ጓደኞቹ እንዳይለይ በማሰብ በመስከረም 22 ቀን 1997 ዓ.ም. ቡሺ ፓርክ በተባለው መናፈሻ ለ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ጠራቸው፤ 13 ሰዎች መጡለት። እነርሱ ሲሮጡ እርሱ ሰዓት ያዘ፤ ከሩጫውም በኋላ አብረው ቡና ጠጡ። ያ የቅዳሜ ጠዋት ቀጠሮ ፓርክራን በሚል ስም ከ20 በሚበልጡ አገሮች ተስፋፋ፤ ክፍያ የለውም፤ የሚራመድም ሰው ከሚሮጠው እኩል ይቈጠራል። ልብ በሉ፤ ይህ ትልቅ ማኅበር የተጀመረው መሮጥ ባልቻለ ሰው ነው። ከሩጫው ይልቅ የሚፈልገው ከሰዎቹ አለመለየትን ነበር።

በአገራችንም መሠረቱ አለ። በኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. በሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አነሣሽነት ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በአዲስ አበባ ሲደረግ፣ 10 ሺሕ ሰዎች ለ10 ኪሎ ሜትር ተሰለፉ፤ አብዛኛውም ሰው የወጣው ለመቅደም ሳይሆን አብሮ ለመሆን ነበር። በኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች አንዳንድ መንገዶች ለተሽከርካሪ ተዘግተው ሕዝቡ በእግሩ እንዲንሸራሸርና ሰውነቱን እንዲያንቀሳቅስ ተደረገ። በጃን ሜዳ፣ በመስቀል አደባባይ ደረጃዎችና በየሰፈሩ ሜዳ ገና ጎሕ ሲቀድ በአንድነት ሲሮጥና ሰውነቱን ሲያፍታታ የኖረው ሕዝብ ብዙ ነው።

አሁን ወደ መዝገብ ቤቱ ባልደረባዬ ልመለስ። የሚስቱ መንፈቅ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ጥፋቴ ተሰማኝና፣ አንድ እሑድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። ከሰፈራችን ሰዎች ጋር ወደ ጃን ሜዳ እንደምንሄድ ነግሬው አብሮን እንዲመጣ ለመንሁት። እርሱም ከበሩ ሳይወጣ፣ «ወንድሜ፣ ከል ለብሼ በሜዳ ስሯሯጥ ብታይ ሰው ምን ይለኛል? የሚስቱ ዓመት ሳይሞላ ይጫወታል አይለኝም?» አለኝ። እኔም «ለመሮጥ አይደለም፤ ለመራመድ ነው። ጥቁሩን ልብስህን እንደ ለበስህ ና» አልሁት። ከብዙ ዝምታ በኋላ ጫማውን አደረገ።

በመጀመሪያው እሑድ ሄደን እስክንመለስ አንድ ቃል አልተናገረም። በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው እሑድ ዳገቱን እየወጣን ሳለ ቆም ብሎ እስኪተነፍስ ድረስ ጠበቅሁት፤ ያን ጊዜ የሚስቱን ስም ጠራ። ስለ እርስዋም እስከ ሜዳው ድረስ ሲያወራኝ ሄደ፤ እንባውም ላቡም አብሮ ይወርድ ነበር። በድንኳኑ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን ያልተነጋገርነውን፣ ጎን ለጎን ስንራመድ ተነጋገርነው። ዛሬ የማኅበራችንን ስም ዝርዝር በደብተር የሚይዘው እርሱ ነው፤ በዚያ ባማረ የመዝገብ ቤት ጽሕፈቱ የመጣውንና የቀረውን ይጽፋል። ሁለት እሑድ የቀረ ሰው ካለ በሦስተኛው ቀን ቤቱ ሄዶ የሚያንኳኳውም እርሱ ነው። ሚስቱን ረስቶአልን? አልረሳም። ሙት ዓመቷን ሲያወጣ ከእኛ አንድም የቀረ አልነበረም።

ስለዚህ «ምን እባላለሁ» ለሚለው ፍርሃት መልሴ ይህ ነው። ኀዘን በመቀመጥ አይመዘንም። ሟቹን የምናከብረው ራሳችንን ከእርሱ ጋር በመቅበር ሳይሆን፣ ስሙን የምንጠራበት ጉልበት በማግኘት ነው። ከል ለብሶ ወደ ሥራው የሚሄድን ሰው ማንም የማይነቅፈው ከሆነ፣ ከል ለብሶ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋር የሚራመደውንም ሰው መንቀፍ አይገባም። የሚነቅፍ ቢኖር እርሱ ራሱ በሩን ያላንኳኳ ሰው ይሆናል።

እንዲህ ያለውን ኅብረት ለማቋቋም ብዙ ገንዘብና ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። አንደኛ፣ ቀኑና ሰዓቱ የማይለዋወጥ ይሁን፤ ኀዘንተኛ ሰው በየሳምንቱ አዲስ ውሳኔ ለመወሰን ኃይል የለውምና ቀጠሮው ራሱ ይወስንለት። ሁለተኛ፣ የሁሉም እርምጃ ልክ ዝግተኛው ሰው ይሁን፤ ፈጣኑ ሄዶ ሊመለስ ይችላል፤ የቀረውን ግን ብቻውን አትተዉት። ሦስተኛ፣ መንቀሳቀስ የማይችል ሰው ቢኖር ሥራ ስጡት፤ ሰዓት ይያዝ፣ ስም ይጻፍ፣ ልብስ ይጠብቅ። አራተኛ፣ ሴቶችና ሽማግሌዎች ያለ ኀፍረት የሚገቡበት ይሁን፤ በኀዘን ጊዜ ከቤት የመውጣት ነጻነት ይበልጥ የሚያንሳቸው ሴቶች ናቸውና። አምስተኛ፣ ሲጨረስ አብራችሁ ሻይ ወይም ቡና ጠጡ፤ ግማሹ መድኃኒት በዚያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. ያወጣው ምክር ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይገባዋል ይላል፤ ይህም በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ ከመራመድ የሚገኝ ነው። አዲስ አበባ በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች ጀማሪ ሰው በመራመድ ይጀምር፤ ሩጫው በጊዜው ይመጣል። የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበትም ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

ይህን ስናገር ግን ሩጫ ለሁሉ ነገር መድኃኒት ነው ማለቴ አይደለም። ኀዘንተኛው ወራት አልፈው መብላትና መተኛት ያቃተው እንደ ሆነ፣ ሥራውንና ልጆቹን መጠበቅ የተሳነው እንደ ሆነ፣ ከሁሉም በላይ መኖርን እንደ ጠላ በአንደበቱ የተናገረ እንደ ሆነ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ሊወሰድ ይገባል። ወደ ሐኪም መሄድ እምነት ማጣት ወይም ድካም አይደለም። ማኅበሩ የሐኪምን ስፍራ አይተካም፤ ነገር ግን ሰውዬው ሐኪም እንደሚያስፈልገው በጊዜ ሊያውቅ የሚችለው አብሮት የሚራመድ ሰው ነው።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ከእናንተ ውስጥ ኀዘን የደረሰበት ካለ፣ ዛሬ እንድትሮጥ አልጠይቅህም። ጎረቤትህ ወይም ባልደረባህ በርህን ባንኳኳ ጊዜ ጫማህን ብቻ አድርግ፤ አንቺም እኅቴ እንዲሁ አድርጊ። ኀዘን ያልደረሰባችሁ ደግሞ፣ በሚቀጥለው ለቅሶ ድንኳኑ ሲነቀልና ወንበሩ በመኪና ሲጫን፣ ከመሰናበታችሁ በፊት ኀዘንተኛውን ወደ ጎን ጠርታችሁ አንድ ቀጠሮ ስጡት፤ ቀኑን ለዩ፤ ሰዓቱን ለዩ። «እግዚአብሔር ያጥናህ» ካላችሁ በኋላ «እሑድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከበርህ እቆማለሁ» በሉት። በተባለውም ሰዓት ተገኙ።